አይከፋም

ዴልበርት ምግብ ቀርቦለት «አይከፋም» ከማለት ሌላ ተናግሮ አያውቅም። ዕድሜውን በሙሉ በሰሜን ዊስኮንሲን መንገዶች ላይ የወተት ቦቴ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ዝምታውን ከመንገዱ ያምጣው ወይ ከእናቱ ሆድ ይዞት ይውጣ፣ እንጃ። የሠርጉን ኬክ እንኳ «አይከፋም» ብሎ ነው ያለፈው። ሚስቱ አርዲስ ደግሞ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ስለነበረች ያልተቸችው ጉርሻ በጉሮሮዋ አይወርድም። ለአንድ ቁራሽ ዓሣ ሩብ ሰዓት ታወራለች። እሷ ታወራለች፣ እሱ ይበላል፤ ትዳራቸው እንዲህ ሆኖ አርባ ዓመት አለፈው።

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ ቅጠል ረግፎ በጋ የሚያሳልፈው እንግዳ ከሐይቆቹ ሲሄድ፣ ሁለቱ ቅዳሜና እሑድን ጎጆ ተከራይተው ይወጣሉ። ዓርብ ማታ የራት ክለብ ከሚሏቸው የገጠር ምግብ ቤቶች አንዱ ለዓሣ፣ ቅዳሜ ማታ ሌላው ለጎድን ሥጋ። ዘንድሮ ዴልበርት የሚቀር መስሎት ነበር። አርዲስ በጸደይ በካንሰር ምክንያት ጉሮሮዋ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ከዚያ ወዲያ የምትውጠው ሁሉ ወደ ሳንባዋ ስለሚሄድ ሐኪሙ ጠብታ ውኃ እንኳ በአፏ እንዳይገባ ከለከለ። ምግቧ ሆዷ ላይ በተሰካ ቱቦ ሆነ፤ ድምፅዋም ወደ ሹክሹክታ ወረደ። ይህ ሁሉ ሆኖ በሽታው አልተወገደም። ለሚመጣው ጥቅምት እንደማትደርስ ሁለቱም ያውቁታል።

«እንሄዳለን» አለችው አንድ ጠዋት።

«ሄደሽ ምን ልታደርጊ?»

«አንተ ትበላለህ። ምን ምን እንደሚል ደግሞ ትነግረኛለህ። በዚያ ልጥገብ።»

«እኔ? እኔ ነኝ የምነግርሽ?»

«ሌላ ባል የለኝ። ምን ላድርግ።»

ምን ይበል ሰውዬው? ሄዱ።

ዓርብ ማታ እንደ ወጉ መጀመሪያ ባንኮኒው ጋ ተቀመጡ። ባለ መጠጡ ሳይጠየቅ በብርቱካንና በስኳር የተቀላቀለውን ብራንዲ ሁለት አድርጎ አቀረበ። አርዲስ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ ደጋግማ አሸተተችው። ጠረጴዛቸው ተዘጋጅቶ ሲቀመጡም ከቀረበው ጥሬ አትክልት አንድ ካሮት አንስታ በጣቶቿ ስታገላብጥ ቆየች። ከዚያ ዓሣው መጣ፣ ከዘይት እንደወጣ።

«በል ንገረኝ» አለችው፤ ወንበሯንም ሳብ አደረገች።

ዴልበርት ጎረሰ፣ አላመጠ። ቃል ለመፈለግ ጣሪያውንም አየ፣ የተሰቀለውን የአጋዘን ራስም አየ።

«አይከፋም» አለ።

አርዲስ በእጇ ቀጥል አለችው።

«ትኩስ ነው።»

«ትኩስማ ይሆናላ። ቅርፊቱስ? ይንኮሻኮሻል? ጨዉስ?»

«አለው። ጨው አለው።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ይሁን፣ ብላ፣ እንዳይቀዘቅዝብህ» አለችው። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

ጎጆአቸው ሲመለሱ የቱቦ ምግቧን ቀስ እያደረገ አፈሰሰላት። እሷ አልጋው ላይ ተደግፋ ስታየው ቆየችና፣ «ልጠይቅህ» አለች። «በየዓመቱ ወንበር ስበን ተቀምጠን ያን ሁሉ ሳወራ፣ ከግድግዳ ጋር ኖሯል እንዴ የማወራው?» ሹክ ብላ ብትናገረውም ልቡን ቆረጠው። የምግቡን ቆርቆሮ አጠበና ጣለ። ሚስቱ ብቻዬን ነበር የኖርኩት ብላ ልትሞትበት ነው፤ እሱ ደግሞ አፍ የለውም። አልቅስ አልቅስ አለው።

ቅዳሜ ማታ በሌላኛው ክለብ የተቀበለቻቸው ኮሪን ናት። ገና ሲጋቡ ጀምሮ የምታስተናግዳቸው፣ አሁን እሷም ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት። አርዲስን ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ፤ ወዲያው ግን ሰበረችው። እዚያ አገር ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በአፉ አይነካም፤ ምግብ ነው የሚያበዛው። ኮሪንም ሁለት ሰሃን ሙሉ ሥጋ አምጥታ አንዱን አርዲስ ፊት አስቀመጠች።

«እሷ እኮ…» ብሎ ጀመረ ዴልበርት።

«ተወው፣ ልየው» አለች አርዲስ።

ዴልበርት ቆርጦ ጎረሰ። ምንም። አርዲስ ከታመመች ወዲህ አፉ ጣዕም የሚባል አያውቅም፤ ለማንም አልተናገረም እንጂ የሚበላው ሁሉ ካርቶን ሆኖበታል። ቀና ሲል ትጠብቀዋለች። መልሶ ዓይኑን ሰሃኑ ላይ ተከለ።

«ዳር ዳሩ ጨዋማ ነው» አለ። «መሀሉ ግን ለስላሳ ነው፤ ቢላዋ አይፈልግም። ስቡን ቆርጦ የሚጥል ሰው ጣዕሙን ነው የጣለው። መረቁ ሽንኩርት አልገባበትም፤ ደግ አደረጉ። ሽንኩርት የሚያበዛ አብሳይ ሥጋውን አያምነውም።»

አርዲስ ዓይኗን ጨፈነች። መንጋጋዋ ቀስ እያለ ተንቀሳቀሰ፤ ባዶ አፏን ታላምጣለች። ዴልበርት ይህን እያየ አላቆመም።

«ድንቹ ትንሽ ቆይቷል። ድንች ከምድጃ ከወጣ በኋላ ሰው መጠበቅ አይወድም። ይሄ ነጩ ማጣፈጫ ደግሞ አፍንጫ ድረስ ይወጣል፤ ለጉንፋን ከመድኃኒት ቤት ይሻላል።»

ማላመጧን አቆመች። ዓይኗን ገለጠች።

«የሽንኩርቱን ነገር እኔ ነኝ ያልኩት» አለች። «መኪናችን በረዶ ውስጥ የተቀረቀረ ዓመት።»

«አዎ።»

«ድንቹንም እኔ ነኝ። ልጃችን ያገባች ጊዜ። እዚሁ።»

«እዚያ መስኮቱ ጋ ነበርን። ሁሉም ያንቺ ነው።»

«ያንተስ ታዲያ?»

ሹካውን አስቀመጠ። «የኔማ ምንም አይልም፣ አርዲስ። ከታመምሽ ጀምሮ ምንም ምንም አይለኝም። አፌ ውስጥ የቀረኝ አንቺ ያልሽው ነው።»

አርዲስ ወደ እሱ ጠጋ አለች። «ስትሰማ ነበር ለካ» አለች።

«ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ?»

ልትስቅ ብላ እንባዋ ቀደማት። እሱም በአፍ መጥረጊያው ጨርቅ ፊቱን ሸፈነ። አጠገባቸው የነበሩ ሰዎች ድንቻቸውን በትጋት መቁረጥ ያዙ።

«የዛሬ ዓመት ትመጣለህ» አለችው፣ እጁን ይዛ።

«ብቻዬን አልመጣም።»

«ትመጣለህ። እዚህ ትቀመጣለህ። ኮሪን ስትጠይቅህ ደግሞ አይከፋም ብለህ እንዳታሳፍረኝ።»

ሌላውን እጁን በእጇ ላይ ደረበ።

ኮሪን መጣች። «እንዴት ነበር?» አለች። እንደ ልማዷ ወደ አርዲስ ዞራ ነበር የጠየቀችው፤ በዚህ ጠረጴዛ የምትመልሰው ሁልጊዜ አርዲስ ናት። አርዲስ ግን ዴልበርትን አየች።

«ሥጋው ጥሩ ነው» አለ ዴልበርት። «ድንቹ ግን ቆይቷል፣ ኮሪን። ንገሪያቸው።»

ኮሪን አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየች፤ ገባት። «እነግራቸዋለሁ» ብላ ሰሃኖቹን አነሳች። የአርዲስን ድርሻም ሳትጠየቅ ጠቅልላ አመጣች።

አርዲስ ጥቅሉን መኪናው ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ጎጆአቸው እስኪደርሱ በሁለት እጇ እንደያዘችው ሄደች። ሙቀቱ ይሰማኛል አለችው።