የቀዛፊው ሙግት

ሰዓት ሠሪው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቶ ከላይ ያለችውን ክፍል ይከፍታል። ጠግኗቸው ባለቤቶቻቸው ሳይወስዷቸው የቀሩ ሰዓቶች ግድግዳውን ሞልተው የየራሳቸውን ጊዜ ይቆጥራሉ። «እዚህ ክፍል ውስጥ ስንት ሰዓት ነው ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው» ይላል በገቡ ቁጥር። ቀልዱን ሁሉም በቃል ስለሚያውቁት የሚስቅለት የለም፤ እሱም ሳቅ አይጠብቅም።

እዚህ የሚሰበሰቡት «የግራጫው ወንዝ ዜና መዋዕል» የተባለውን ባለ ስድስት ቅጽ ልብ ወለድ አንብበው ያልጠገቡ ሰዎች ናቸው። ደራሲው ሰባተኛውን እጽፋለሁ ብሎ እንደ ዋዛ ጠፋ። እነሱም ደራሲው ሳይፈታው የተወውን ሁሉ ለራሳቸው ሊፈቱት ይሟገታሉ። ንጉሡ ስንት ዓመት ነገሠ? የሰሜኑ ግንብ የተቃጠለው ከሠርጉ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከሁሉም በላይ ግን የሚያጣላቸው ቀዛፊው ነው።

ቀዛፊው በአራተኛው ቅጽ፣ ጎርፍ በመጣበት ሌሊት የንግሥቲቱን ትንሽ ሴት ልጅ በታንኳ አሻግሮ የቀሩትን ሊያመጣ ይመለሳል። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ሬሳውም አልተገኘም። በስድስተኛው ቅጽ ግን አንድ ምሽት፣ በጎጆው ደጃፍ ላይ ፋኖስ ተሰቅሎ ይታያል፤ ልክ እሱ ይሰቅለው እንደነበረው። ደራሲው ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልጨመረም። ታዲያ ቀዛፊው ሞቷል ወይስ አለ?

የኬሚስትሪ መምህርቷ «አለ» ባይ ነበረች፤ ያውም የወገኑ መሪ። ሰዓት ሠሪው፣ የአውቶቡስ ሹፌሩና ነርሷ ከኋላዋ ተሰልፈዋል። «ሞቷል» ብሎ ብቻውን የሚከራከረው ባሏ ነበር። ባሏ መሬት ቀያሽ ነበር፤ ሥራውም ስሙም ያው ሆኖ ሁሉም «ቀያሹ» ነበር የሚሉት። ቅዳሜ እዚህ የተጀመረው ክርክር አውቶቡስ ውስጥ ይቀጥላል፣ እራት ላይ ይሞቃል፣ መብራት ከጠፋ በኋላ ደግሞ ከሁለት አንዱ «እሺ ግን...» ብሎ እንደገና ይቆሰቁሰዋል። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

ማኅበሩ አንድ ሕግ አለው። ለአንዱ ወገን በተከታታይ ሦስት ስብሰባ ጠበቃ ከጠፋ ጥያቄው ይዘጋል፤ ዳግመኛም አይነሣም። ሕጉን ያረቀቀው ራሱ ቀያሹ ነበር፤ አሮጌ ክርክር እየተጎተተ ሲያሰለቸው።

ቀያሹ ካረፈ ወዲህ ሁለት ስብሰባ አልፏል። የዛሬው ሦስተኛው ነው።

መምህርቷ ይህን አውቃ ነው የመጣችው። የሱን ልብስ ለሰው ሰጥታለች፤ የመለኪያ ዕቃውን መሥሪያ ቤቱ ወስዷል። ከሱ ጋር ከጀመረችው ነገር ሁሉ ያላለቀው ይህ ክርክር ብቻ ነው። ዛሬ ከተዘጋ እሷ አሸናፊ ትባላለች፤ የሚቀርም ነገር አይኖርም።

ሰዓት ሠሪው የንግሥናውን ዘመን ጉዳይ አስጨርሶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ... የቀዛፊው ጉዳይ አለ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቀያሹ ካረፈ ወዲህ ሁሉም ለሷ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ የተኛ ሕፃን አጠገብ የቆሙ ይመስል። «ሞቷል ለሚለው ወገን ጠበቃ አለ?»

«ዝለለው በቃ ጋሼ» አለ ሹፌሩ። «ቲቸር አሸንፋለች። እንኳን ደስ...» የቀረውን ዋጠውና ኮፍያውን ማገላበጥ ጀመረ።

ሊያሳርፏት ፈልገው እንደሆነ ገብቷታል። ሦስቱም መሬት መሬት ያያሉ።

«ጠበቃ አለ» አለች።

«ማን?»

«እኔ።»

ሹፌሩ ቀና አለ። «ቲቸር! የኛ በረኛ ነሽ እኮ! በገዛ መረባችን ልታገቢብን ነው?»

«ወገን መቀየር በሕጉ አልተከለከለም» አለ ሰዓት ሠሪው፤ ፊቱ ላይ ግን ጭንቀት ይነበባል። «እርግጠኛ ነሽ፣ እህቴ?»

መምህርቷ ተነሣች። ባሏ ሲከራከር ይቆም ነበር፤ እሷም ሳታስበው ቆመች።

«ቀዛፊው ሞቷል» አለች።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷ ጆሮ እንግዳ ሆነባት። እስከ ዛሬ ስልክ ለሚደውል ሁሉ፣ በባንክም በትምህርት ቤትም፣ «የለም» ነበር የምትለው። ሰዎች «መቼ ይመጣል?» ሲሏት እንኳን «አላውቅም» ብላ የዘጋችበት ቀን አለ።

«አንደኛ» አለች ቶሎ ብላ። «ግድቡ የተሰበረው የማታው ደወል ሲደወል ነው። ቀዛፊው ልጅቷን ይዞ የተነሣው ጨረቃ ስትወጣ። ከግድቡ እስከ መሻገሪያው ያለውን ርቀት ባሌ ካርታው ላይ በክር ለክቶታል፤ መታጠፊያውን ሁሉ ሳይቀር። ውሃው የሚደርሰው ቀዛፊው ባዶ ታንኳ ይዞ ሲመለስ፣ ልክ ወንዙ መሃል ላይ ሳለ ነው። ሁለተኛ፣ ፋኖሱን የሰቀለው እሱ አይደለም፤ ልጅቷ ናት። ስድስተኛው ቅጽ ላይ አድጋለች። እንዴት እንደሚሰቅል አይታዋለች፤ ስታስታውሰው እንደሱ አድርጋ ሰቀለች።»

ሹፌሩ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ተቃዋሚ?» አለ ሰዓት ሠሪው።

ነርሷ ወንበሯን ትንሽ ሳብ አደረገች። ከሁሉም ታናሽ ናት፤ በክርክር ግን እሳት። ድሮ መምህርቷን «አንቺ» እያለች ነበር የምታፋጥጣት፤ ካለፈው ሐዘን ወዲህ ግን «እርስዎ» ሆናለች።

«እትዬ፣ እርስዎ ያሉት በጣም ጥሩ ነው» አለች። «ምናልባት ግን፣ እንደው ለማለት ያህል...»

«እንደ በሽተኛ አታባብዪኝ» አለች መምህርቷ።

ነርሷ ሰዓት ሠሪውን አየችው። እሱም ትከሻውን ነቀነቀ።

«እሺ!» አለች ነርሷ። «ልጅቷ ፋኖሱን የት አይታ? ያን ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልላ እያለቀሰች ነበር። ጎጆው ጋ ደርሳ አታውቅም። ይሄን ደግሞ እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ አንቺ ነሽ! አምና እዚሁ ተቀምጠሽ ጠረጴዛውን እየደበደብሽ!» እጇም ዓይኗም ይናገር ጀመር። «መሃል ወንዝ ላይ ነበር ትያለሽ፤ ይሁን። ዕድሜውን ውሃ ላይ የጨረሰ ሰው መዋኘት ያቅተዋል? ሬሳ ሳታይ ምን ለመቅበር ያስቸኩልሻል?»

ተናግራ ሳትጨርስ አፏን በእጇ ያዘች።

የመጨረሻውም ዓረፍተ ነገር የመምህርቷ ነበር። ለባሏ ስንት ጊዜ ብላዋለች፤ ጭልፋ ይዛ፣ ጥርሷን እየፋቀች፣ አንዴም ደረጃ እየወረዱ ጎረቤት እስኪስቅባቸው። እሱ ሲሰማው ምን ይሰማው እንደነበር አሁን በቆመችበት ደረሰባት። ይወጋል። ባሏ ግን በሰማው ቁጥር ይስቅ ነበር።

«ይቅርታ እትዬ፣ እኔ... አፌን...»

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች መምህርቷ። «እጅሽን ከአፍሽ ላይ አንሺ። ስትዪኝ የኖርሽውን ‹አንቺ›ን መልሺ፣ ደስ ብሎኛል።» እውነቷን ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ሰው ጮኾባታል።

ሰዓት ሠሪው ወደ መምህርቷ ዞረ። «ሦስተኛውስ?» አለ። «ቀያሹ ሦስት ነጥብ አለኝ ይል ነበር ሁልጊዜ።»



መምህርቷ ሦስተኛውን ሰምታው አታውቅም። ሁልጊዜ ሁለተኛው ላይ፣ ፋኖሱ ላይ ሲደርስ ነው የምታቋርጠው። ቤት ውስጥ እንደ ጨዋታ ሆኖ ነበር። «ሦስተኛውን ሳትሰሚ?» ይላታል፤ «ሦስተኛውን ለብቻህ ብላው» ትለውና ሰሃን ልታጥብ ትነሣለች። እሱም ይስቅና ያስቀምጠዋል። ልታስለምነው ያማራት ጊዜ ነበር፤ እልኋ አልፈቀደላትም። ደግሞስ ምን ያስቸኩላል?

ፈጥራ አንድ ነገር ልትል አሰበች። የሱ ያልሆነውን የሱ ነው ማለት ግን አልሆነላትም።

«አላውቀውም» አለች። «አስጨርሼው አላውቅም።»

«እኔም አልሰማሁትም» አለ ሹፌሩ ቀስ ብሎ። «ሁለተኛው ላይ እኮ ነው ተረባርበን የምንበላው።»

ነርሷም ራሷን ነቀነቀች።

ሰዓት ሠሪው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል ቆየ። «ያልተሰማ ማስረጃ ያለበት ጉዳይ አይዘጋም» አለ በመጨረሻ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሕግ ደግሞ መቼ ወጣ?»

«አሁን።»

«እና መቼ ነው የሚሰማው?»

ሰዓት ሠሪው መነጽሩን አደረገና «ክፍት ነው» ብሎ ወደ ሰሜኑ ግንብ ጥያቄ አለፈ። መምህርቷ ተቀመጠች። የመጣችለትን አግኝታለች፤ እስከ መቼውም ክፍት ነው። ስለ ግንቡ የተባለውን ግን አንዱንም አልሰማችም።

ሲበተኑ ነርሷ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሸኘቻት። መንገዱን ሁሉ ሦስተኛውን ስትገምት ሄደች። «ስለ ታንኳው ቀዳዳ ይሆን? ስለ ልጅቷ ሕልም?»

«ሕልም ሲባል ያመው ነበር።»

«እሺ፣ ስለ ታንኳው ገመድ?»

«ገመዱን ራሱ ነው ውድቅ ያደረገው።»

ነርሷ በገመተች ቁጥር መምህርቷ ይህ የሱ እንዳልሆነ ወዲያው ታውቃለች። ያልሆነውን ሁሉ ታውቃለች። ነርሷ ተረኛ ስለነበረች አቅፋት፣ «ቅዳሜ አልምርሽም» ብላት ወደ ሆስፒታሉ ታጠፈች።

መምህርቷ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ ከላይ ያለውን ብረት ይዛ ስትሄድ ለነርሷ ጥያቄ መልስ መጣላት። መዋኘቱንስ ይችል ይሆናል። ልጅቷ ግን እስኪነጋ ዳርቻው ላይ ቆማ ጠብቃዋለች፤ መጽሐፉ እንዲህ ይላል። የሚዋኝ ሰው ቢሆን ወደምትጠብቀው ይዋኝ ነበር እንጂ ትቷት ወዴት ይሄዳል? መልሱ ንጹሕ ነበር፣ አንድም ቦታ አያነክስም። ይህ ይሆን ሦስተኛው? ለመንገር ቸኩላ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። ቁልፉን ስታዞር ነው ለማን እንደምትነግር ያሰበችው።

ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ፣ መብራቱንም ሳታበራ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ መልሱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፅ አውጥታ ተናገረችው። ከዚያ ዝም ብላ ቆየች፤ እሱ ለመመለስ የሚፈጅበትን ያህል።

«እሺ ግን» አለች በራሷ ድምፅ፣ «ጎርፉ አንከባሎታል። እሷ ያለችበት ዳርቻ የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃል?»

ጥሩ ተቃውሞ ነበር። ቦርሳዋን እንደያዘች ግድግዳውን ተደግፋ መልሱን ማሰብ ቀጠለች።