ባትሪ ያዡ ባል

ስልኩ ሲጠራ ዱዌይን ወንድሙ ጋራዥ ላይ ካለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ካልሲውን እያጠበ ነበር። የማርሊስን ስም ሲያይ ካልሲው ከእጁ ወደቀ። ሚስቱ ከቤት ካስወጣችው ስምንት ወር ሆኗል፤ እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ ቀድማ ደውላ አታውቅም።

«የመታጠቢያ ቤቱ ሲንክ ውኃ አልወርድ ብሎኛል» አለች፣ ደኅና ነህ ወይ ሳትል።

«አሁኑኑ መጣሁ!»

«ቆይ፣ አትንደርደር። የምፈታውም የማጸዳውም እኔ ነኝ። የቸገረኝ ባትሪ የሚያበራልኝ ሰው ነው። እጅህ አንዲት ዳዶ ከነካ በመጣህበት ትመለሳለህ። ተስማማን?»

«ተስማማን» አለ። ባትሪ ቀርቶ ጧፍ ያዝ ብትለውም ይስማማ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዱዌይን ክፉ ሰው አይደለም። አይሰክርም፣ አይማግጥም፤ በሚኖሩባት በዱሉት ከተማ በረዶ በጣለ ቁጥር የጎረቤት ደጅ ሳይቀር የሚጠርግ ሰው ነው። ጥፋቱ አንዲት ቃል ናት፤ «ስጪኝ!» ማርሊስ ካቻቢቴ ስታነሳ «ስጪኝ!»፣ የጠርሙስ ክዳን ሲጠብቅባት «ስጪኝ!»፣ የልጅ ልጇን ጫማ ልታስር ስታጎነብስ እንኳ «ስጪኝ!» እሷም ወደ አርባ ዓመት ገደማ ስትሰጥ ኖረች። ባለፈው ሰኔ በገዛ ልደቷ ኬኩን ልትቆርስ ቢላዋ ስታነሳ፣ «ስጪኝ፣ እንዲህ አይደለም» አላት። ቢላዋውን ሰጠችው። በማግስቱ ሻንጣውንም ሰጠችው።

ሲደርስ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ እጅጌዋን ሰብስባ በር ላይ ጠበቀችው።

«በእጅህ የያዝከው ምንድን ነው?»

«የመሣሪያ ሣጥን ነዋ።»

«መኪናህ ውስጥ መልሰው። ስትመለስ ጫማህን አውልቅ። አፍህንም እንደ እጅህ ሰብስበው።»

ሣጥኑን መለሰ፣ ጫማውን አወለቀ፣ አፉን ሰበሰበ፣ ባትሪውን ያዘ።

ማርሊስ ሥራውን ከቪዲዮ ተምራዋለች። ከሲንኩ ሥር ካለው ቁም ሣጥን ሳሙናውንና ሻምፖውን አውጥታ በቦታቸው ባልዲ አስገባች፤ ከዚያም ታጥፎ የሚወርደውን ቱቦ፣ ሲፎኑን፣ የያዘውን ዳዶ ጨብጣ ማዞር ጀመረች። የምታዞረው ግን ወደሚጠብቅበት ነው። ዱዌይን ከንፈሩን ነከሰ። እሷ ግን ትንሽ ታግላ አቅጣጫውን ራሷ ደረሰችበት፤ ሲፎኑ ተፈትቶ ከነጉዱ እጇ ላይ ቀረ።

«ኤጭ! ይኼ ያንተ ጢም ነው!»

«እኔ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆኖኝ የለ እንዴ?»

«አንተ ወጣህ እንጂ ጢምህ አልወጣም» አለች፤ ጥቁርና ዝልግልግ የሆነውን ነገር ባልዲው ውስጥ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየፈቀፈቀች።

ቀጥሎ ወደ ግድግዳው የሚገባውን ቧንቧ አፍ መጥረግ ፈለገች። ዱዌይን ብርሃኑ እንዲደርስላት በጀርባው ተንጋሎ ጭንቅላቱን ቁም ሣጥኑ ውስጥ አስገባ። ማርሊስ ጠረገች፤ ከዚያ ተነሳችና እጣቢ የሞላውን ባልዲ ብድግ አደረገች። ሰው ቆሻሻ ውኃ ሲይዝ የት ይደፋል? ሲንክ ውስጥ። እጅ የለመደውን መች ይረሳል።

ዱዌይን የባልዲው እጀታ ሲንኳኳ ሰማ። ቀና ቢል፣ ሲፎን የሌለው ክፍት ቀዳዳ ከአፍንጫው በላይ ነው። «ተይ!» ሊል አፉን ከፈተ። ከተናገረ ግን መባረሩ ነው፤ እንደገና ገጠመው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል። ዝንቡስ አልገባም። እጣቢው ግን በአፍንጫው፣ በጆሮውና በአንገትጌው ገባ።

«ወይኔ! ዱዌይን! ሞትክ?»

«ደኅና ነኝ» አለ፣ ከቅንድቡ ላይ የገዛ ጢሙን እየለቀመ።

ማርሊስ የገላ መታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ድንገት ቆመ።

«ባልዲውን ሳነሳ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እንደምደፋብህም አውቀሃል?»

«አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«አፍህን ሰብስብ አልሽኛ! ከተናገርኩ ወደ ጋራዡ ልትመልሺኝ ነው። ያን ክፍል ጠልቼዋለሁ። ናፍቀሽኛል፣ ማርሊስ።»

ፎጣ ወረወረችለት። «አንተ ሰውዬ፣ ዲዳ ባል አምጡልኝ ብያለሁ? አትንጠቀኝ ነው ያልኩህ። ንገረኝ፤ ከዚያ ለእኔ ተውልኝ። መንገርና መንጠቅ አንድ ናቸው?»

ዱዌይን ፊቱን በፎጣው ጠረገ። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለቱ ነገሮች ሊለያዩ እንደሚችሉ እስከዚያች ደቂቃ አስቦት አያውቅም ነበር። አፈረም፣ ደነገጠም።

የፈሰሰውን ካደረቁ በኋላ ማርሊስ ሲፎኑን መልሳ ገጠመችና ውኃ ከፈተች። ውኃው ቁልቁል ወረደ፤ ከአንዱ መጋጠሚያ ግን ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። ዱዌይን ሁለት እጁን ጭኑ ሥር ቀበረና አንገቱን አሰገገ።

«ልንገርሽ?»

«ንገረኝ።»

«ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት ተገልብጧል። ቀጭኑ ጎኑ ወደ መጋጠሚያው መዞር አለበት።» ይህን ብቻ ብሎ ማቆም ወገቡን አደከመው። በጣት ማሳየት የለ፣ መንካት የለ፣ ቃል ብቻ።

ማርሊስ ፈታችው፣ ጎማውን አዞረችው፣ መልሳ አጠበቀችው። ሶፍት ቀድዳ ዙሪያውን ጠረገችበት፤ ሶፍቱ ደረቅ ነው። ውኃው ጉርርር ብሎ ጠፋ። ፊቷ ላይ የታየው ደስታ ዱዌይንን ልቡን አመመው፤ ስንት ጊዜ ይህን ደስታ ከእጇ ነጥቋት ኖሯል!

እጇን እየታጠበች በመስተዋቱ አየችው። «ዕቃህ ብዙ ነው?»

«አንድ መኪና አይሞላም።»

«ካፖርትህን ልበስ፤ ሄደን እናምጣው። የምነዳው ግን እኔ ነኝ።»

ከተማዋ ከላይ እስከ ሐይቁ ቁልቁለት ናት፤ መንገዱም በረዶ ነው። ዱዌይን ቀኝ ወንበር ላይ ቀበቶውን አስሮ፣ በቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን እየረገጠ ወረደ። የቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ መብራቱ ተለወጠ።

«ቀይ ነው» አላት፣ በቀስታ።

«አየሁት» አለችና መኪናውን ቀጥ አድርጋ አቆመች። መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን አንድ እጇን ከመሪው አንስታ ጉልበቱ ላይ አሳረፈች። ያን ጊዜ እግሩ ፍሬን መርገጡን ተወ።