የአንድ ወንድ ልጅ አባት

አቶ ስዩም የተቀበሩ ዕለት የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው የበኩር ልጃቸው ሀይለገብርኤል ነበር። ጽሑፉን ያዘጋጀውም እሱው ነው። የተወለዱበትን አገር፣ የተማሩበትን ትምህርት ቤት፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ መንዳታቸውን፣ አንድም ቀን ሰው አስቀይመው አለማወቃቸውን ዘረዘረና ጉሮሮውን ጠረግ አደረገ። «አቶ ስዩም የአንድ ወንድ ልጅ አባት ነበሩ» ብሎ ወረቀቱን አጠፈ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጥቁር ለብሳ የተቀመጠችው ፍናን ሴት ልጃቸው ናት። ግማሽ ጎናቸውን ስትሮክ ከያዘው ቀን ጀምሮ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ቫን ናይስ ባለው አፓርታማዋ ያስታመመቻቸው እሷ ነበረች። አጥባለች፣ አገላብጣለች፣ በማንኪያ አጉርሳለች። ወንድሟ ብቅ የሚለው ለበዓል ለበዓል ሲሆን ጫማውን ሳያወልቅ ነበር የሚመለሰው። ታዲያ በዚያች በአንዲት ዓረፍተ ነገር ልጅነቷን ፋቀው። ሰዉ ዘወር ዘወር እያለ አያትና አንገቱን ደፋ። አንድም ሰው «ኧረ ሴት ልጅም አለቻቸው» አላለም። ያንን ሁሉ ሽማግሌ፣ በሠርግ ቤት ማይክ ከያዘ የማይለቀውን፣ ያን ቀን አፉን ምን እንደዘጋው እግዜር ይወቅ።

ምክንያቱን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ፍናን የምትወደው ሴት ነው። ሩመይሳ ከምትባል፣ ፋርማሲ ውስጥ ከምትሠራ ልጅ ጋር አንድ ቤት ትኖራለች። አባቷ ያውቁ ነበር፤ ሩመይሳንም «ልጄ» ነበር የሚሏት። ሀይለገብርኤል የሰማው ፎቷቸው በሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ሲዞር ነው። ኮንሰርት ላይ ተቃቅፈው የተነሱት ፎቶ ነበር። በዚያን ሰሞን ለኢትዮጵያውያኑ ኮሚኒቲ ሊቀመንበርነት ይወዳደር ነበርና ዓይኑ ደም ለብሶ ቫን ናይስ መጣ፣ አባቱም ልጅቷን ይክዱለት ዘንድ አጥብቆ ጠየቃቸው። አቶ ስዩም ባልተያዘው ግማሽ አፋቸው «ልጄ ናት፤ ሂድ» አሉት። ሄደ። ከዚያም አባቱ መናገር የማይችሉበትን ቀን ጠበቀ።

ፎቶው የተነሳበት ኮንሰርት የሚዮሪ ነው። ሚዮሪ ጃፓናዊት ዘፋኝ ናት። የዛሬ አሥር ዓመት አንድ ወጣት ደብዳቤ ጽፎላት ነበር። ወንድ በመውደዱ ከቤት ተባሯል፤ በልደቱ ቀንም ስሙን የሚጠራው ሰው አጥቷል። ሚዮሪ ኦሳካ ከተማ መድረክ ላይ ዘፈኗን አቋርጣ ስሙን ጠራችው፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው ተቀብሎ ጠራው። ከዚያ ወዲህ በየኮንሰርቱ መጨረሻ ላይ ቤታቸው ስማቸውን የማይጠራላቸውን ሰዎች ስም ታነባለች፤ ሕዝቡም ይቀበላል። በዚህ የተነሳ አንድ ትልቅ ኩባንያ የማስታወቂያ ውሏን ሰረዘባት። በሚቀጥለው ኮንሰርት ዝርዝሩን አስረዘመችው። ከቶኪዮ እስከ ሜክሲኮ ያሉ እንደ ፍናን ያሉ ሰዎች እንደ ታላቅ እህት የሚያዩዋት ለዘፈኗ ብቻ አይደለም።

የሎስ አንጀለስ አድናቂዎቿን የምታሰባስበው ፍናን ናት። አቶ ስዩምም ከመታመማቸው በፊት ሚዮሪን በዓይናቸው አይተዋታል። ዘፋኟ በበርባንክ ኤርፖርት በኩል ስትገባ ልጃቸውን በታክሲያቸው አድርሰው፣ ሰላምታ ሳያቀርቡ መመለስ ነውር መስሏቸው ወረዱ። ሚዮሪ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። አቶ ስዩም በሰው መበለጥ አይወዱምና ባርኔጣቸውን አውልቀው ከእሷ ዝቅ አሉ። እሷ ደግሞ ከእሳቸው ዝቅ አለች። እንዲህ ሲሽቀዳደሙ አንድ ፖሊስ መሬት ላይ የወደቀ ነገር የሚፈልጉ መስሎት ሊያግዛቸው መጣ። አባቷ ወደ ቤት ሲመለሱ «የጨዋ ልጅ ናት» ብለው ፈረዱ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ስለ ጤንነቷ ይጠይቁ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ፍናን አላለቀሰችም፤ አልተጣላችም። ወንድሟን ከልጅነቷ ጀምሮ «ጋሼ» ነበር የምትለው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሀይለገብርኤል ብቻ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን መሄድም ተወች። ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት ይባላል፤ ቂሟን ለመተው አላሰበችምና ጸሎቱን ተወችው። በርባንክ በምትሠራበት መጦሪያ አረጋውያኑን ስታጥብም፣ ፍሪዌይ ላይ በመኪና ጭንቅንቅ ተገትራ ስትውልም፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር ከጆሮዋ አትጠፋም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሀይለገብርኤል በበኩሉ ረስቶት ሊቀመንበር ሆነ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ጥሪ ለጠፈ። በዚህ አገር ለሁሉ ሰው እየደወሉ መጥራት አይቻልም፤ ጠሪው ያልተጠራ እንዳይቀየመው ሲል ሁልጊዜ የሚጨምራት ነገር አለች። እሱም ጨመራት። «በየግላችሁ ስላልደወልኩ ይቅርታ፤ ይህን ያነበበ ሁሉ እንደተጠራ ይቁጠረው። ያልመጣ ቅር ያሰኘኛል» ይላል። ከሥሩ ለየጠረጴዛው የሚታደለው መታሰቢያ ወረቀት ተያይዟል። ፍናን ከፈተችው። የአንድ ወንድ ልጅ አባት። ዓመት ሙሉ አስቦበት፣ አንዲት ቃል አላረመም።

ወረቀቱን ዘግታ ጥሪውን ደግማ አነበበችው። ያነበበ ሁሉ ይላል።

ሩመይሳ ፍናን ሙት ዓመቱ ላይ ልትገኝ ማሰቧን ስትሰማ ፈራች። ጮኸሽ ራስሽን ታዋርጂያለሽ፣ ደግሞ ፖሊስ ይጠሩብሻል አለቻት። ፍናን ግን የመጮህ ሐሳብ አልነበራትም።

«ሶ፣ ምንድን ነው የምትፈልጊው? አፖሎጃይዝ እንዲያደርግ፣ ይቅርታ እንዲልሽ ነው?» አለች ሩመይሳ።

«አይደለም። እንዲነሳ ነው የምፈልገው» አለች ፍናን። «ለቅሶ የሚደርስ ሰው ሲመጣ ሐዘንተኛ ይነሳል። ለእያንዳንዱ ሰው ይነሳ።»

የሚዮሪ አድናቂዎች አንድ ልማድ አላቸው። ጃፓንኛ ሳይችሉ፣ በዘፈኑ መሃል ሕዝቡ የሚቀበለውን አዝማች ድምፅ በድምፅ ያጠናሉ። ፍናን ሦስት ቅዳሜ ቫን ናይስ ሰብስባ ሁለት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር አስጠናቻቸው። ፊሊፒኖዎች፣ ሜክሲኳውያን፣ ሁለት ኮሪያውያን እህትማማቾች፣ እንዲሁም ሬይ የሚባል ጥፍሩን ሐምራዊ የሚቀባ ባለ ጢም ግዙፍ ሰው ነበሩ። ከሁሉም አጥርቶ የያዘው ሬይ ነው። እሱን የገዛ አባቱ ቀብር ላይ ከበር መልሰውታል። ለምን እንደሚያጠና ስለገባው፣ ሌሎቹ ሲስቁ እሱ አይስቅም ነበር።

ፍናን ነገሩን ሁሉ ለሚዮሪም ጽፋላት ነበር። ቅዳሜ ሎስ አንጀለስ ስትዘፍን የአባቷን ስም እንድታነብላት ብቻ ነበር የለመነችው። መልሱ አጭር ነበር፤ ስሙን ቅዳሜ አነባለሁ ይላል። ቀጥሎም ሙት ዓመቱ እሑድ በስንት ሰዓት እንደሆነና የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ይጠይቃል።

እሑድ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ፌርፋክስ ያለው ምግብ ቤት አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ሀይለገብርኤል ፊት ለፊት፣ ከአባቱ ትልቅ ፎቶ ሥር፣ ከኮሚኒቲው ኮሚቴ ጋር ተቀምጧል። ካህናቱ ማዕዱን ባርከው ሰዉ ሊመገብ ሲል በሩ ተከፈተና ጥቁር የለበሱ፣ ነጠላ ያጣፉ ፈረንጆች በሰልፍ ገቡ።

የመጀመሪያዋ አንዲት አጭር ፊሊፒናዊት ነርስ ነበረች። ሀይለገብርኤል ተነሳ፤ እጇን ጨበጠ። ሴትዮዋ ቃሉን ረገጥ እያደረገች «እግዚአብሔር ያጽናዎት። የልጃቸው የፍናን ወዳጅ ነኝ» አለችው። እሱም ልማድ ሆኖበት «አሜን» ብሎ ተቀመጠ። ሁለተኛው ደረሰ፤ ተነሳ። የፍናን ወዳጅ ነኝ። ሦስተኛው ደረሰ፤ ተነሳ። ሰባተኛው ላይ ነገሩ ገባውና አጠገቡ ወዳለው ሰው ዘንበል ብሎ ሰዎቹ እንዲወጡ እንዲያደርግ ለመነው። ሰውየው ወደ ሰልፉ አየና ለቅሶ የደረሰ ሰው ማባረር በዘራቸው እንደሌለ፣ ጥሪውንም የለጠፈው ራሱ እንደሆነ አስታወሰው። ሀይለገብርኤል ላቡን ጠርጎ ለስምንተኛው ተነሳ።

ፍናን በሩ አጠገብ ቆማ ትቆጥር ነበር። ደስ አላት፤ ደስ አላት ብቻ ሳይሆን ጣፈጣት። ስሟ በተጠራ ቁጥር የወንድሟ ጆሮ ግንድ ሲቀላ ታያለች። ዓመት ሙሉ ያልጣማት ምግብ አሁን የተስማማት መሰላት።

ሬይ ዓረፍተ ነገሩን ብሎ ሲጨርስ እንባው ጢሙ ላይ ወረደ። የሀይለገብርኤልን እጅ ይዞ ከልቡ አለቀሰ፤ ከሴቶቹ መካከልም ምክንያቱን ሳያውቁ አብረውት ያለቀሱ ነበሩ። ከእሱ ቀጥላ አንዲት ቀጭን ሴት መጣች። ፀጉሯን አስራለች፤ ፊቷን አልተቀባችም። የልጆቹ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሹካ ወደቀ፤ የሀይለገብርኤል የራሱ ልጅ ተነስታ ቆመች። ሚዮሪ ወረፋዋን ጠብቃ ነው የደረሰችው፤ ከፊት እንድትሆን ቢለምኗትም እምቢ ብላለች። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ሀይለገብርኤል ሳያስበው አጎነበሰ። ሚዮሪ ካጎነበሰችበት ቀና ሳትል ቃሉን አንድም ሳታስቀር አለችው።

የአቶ ስዩም የአክስት ልጅ እትዬ ሰርካዲስ ይህቺ ደግሞ ማን ናት ብለው ጠየቁ። አገር ምድሩ የሚሰለፍላት ዘፋኝ ናት አሏቸው። ታዲያ ለስዩም ምን አመጣት ቢሉ፣ መልሱ አንድ ብቻ ነበር። የፍናን ወዳጅ ስለሆነች ነው።

ሠላሳ አራት ሰው አለፈ። ሀይለገብርኤል ሠላሳ አራት ጊዜ ተነሳ። ሠላሳ አምስተኛዋ ፍናን ነበረች።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አላት፤ በጥርሱ መካከል።

እጁን ይዛ አልለቀቀችም። «ለቅሶ ልደርስ ነው፣ እንደ ሰዉ» አለች፤ አዳራሹ እንዲሰማት አድርጋ። «የአንድ ወንድ ልጅ አባት ሞቱ ሲባል ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

እትዬ ሰርካዲስ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ፤ ከጠረጴዛው ላይ መታሰቢያ ወረቀቱን አንስተው ወደ ፊት ሄዱ።

«ሀይለገብርኤል፣ እንካ፤ አንብበው» አሉት።

ውሸት አልጻፍኩም አለ። ወንድ ልጃቸው እሱ አንድ ብቻ እንደሆነ፣ የጻፈውም ይህንኑ እንደሆነ፣ ሌላውን ሰዉ ራሱ እንደሚያውቀው ሊያስረዳ ሞከረ። ድምፁ እየቀጠነ ሄደ።

«እኔም ያን ቀን ሰምቼ ዝም ብያለሁ» አሉ እትዬ ሰርካዲስ። «ባሕር ተሻግሮ የመጣ ባዕድ ስዩምን ልጅህ ናት ሲለው፣ እኛ የሥጋ ዘመዶቹ አናውቃትም አልን። ከዚህ በላይ ውርደት የለም። አንብብ፣ እንደሚሆነው አድርገህ።»

ወደ ኮሚቴው አየ። ኮሚቴው ሰሐኑን ያያል። ወደ ልጁ አየ፤ ልጁ ከሚዮሪ ላይ ዓይኗን ነቅላ እሱን ታየዋለች። ወረቀቱን ተቀበለ። ከተወለዱበት አገር ጀምሮ አነበበ፤ ከትምህርት ቤቱ፣ ከሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ አለፈ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቆመ። ፍናን አሁንም አጠገቡ ናት።

«አቶ ስዩም የአንድ ወንድ ልጅና...» አለ። «የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበሩ።»

«ስሟስ?» አለች ፍናን።

«ፍናን።»

ሠላሳ አራቱ ሰዎች ከተነበበው ሁሉ የሚያውቁት ይህችን አንዲት ቃል ነበር። መድረክ ላይ ስም ሲጠራ ምን እንደሚደረግም ያውቃሉ። ሚዮሪ አንገቷን ቀና አደረገች፤ ሁሉም ባንድ ድምፅ «ፍናን» አሉ። ምጣድ አጠገብ ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ ሰሙት። ሁለተኛ ሲሉ እትዬ ሰርካዲስ አብረው አሉ። ሦስተኛ ሲሉ ከኋላ ያሉት ጠረጴዛዎች ተቀበሉ።

ፍናን ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ይህንን ነበር። እንባ ይመጣል ብላ ነበር፤ አልመጣም። ወንድሟ ወረቀቱን አጥፎ ወደ እሷ ጎንበስ አለ፤ ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ተጣብቋል። ግንባሩ የአባቷ ግንባር ነው። ያሳዝነኝ ይሆን ብላ ለአፍታ ራሷን መረመረች። አላሳዘናትም።

«አሁን በቃሽ?» አላት።

«የአባባ የሰባት ዓመት ተዝካር አለ» አለችው። «የምታነበው አንተ ነህ። እኛም እንመጣለን።»