የአሥራ ሰባት ቁጥር ደም

ፊቤን ሥራዋ ምን እንደሆነ ሲጠይቋት ማስረዳቱ ይታክታታል። የታመሙ የደም ሴሎች «ተባዙ» የሚለውን መልእክት በየትኛው መንገድ እንደሚቀባበሉ፣ የሚሞከረው አዲስ ክኒንም የቱ ጋ እንደሚያቋርጠው፣ ከላቦራቶሪ ቁጥሮች ተነሥታ በሒሳብ ታወጣለች። ናሙናዎቹ ስም የላቸውም። አሥራ ሰባት ቁጥር ማን እንደሆነ ግን አሳምራ ታውቃለች፤ ታላቅ ወንድሟ ሀቢሶ ነው። ቮስሎሩስ ሰፈር ካለችው ስፓዛው፣ ከትንሿ ሱቁ፣ በሚያገኘው ጆሃንስበርግ ዩኒቨርሲቲ ያስተማራት እሱ፣ የደም ካንሰር ሲይዘው የክኒኑ ጥናት ውስጥ ያስገባችው እሷ።

እስከ አራተኛው ወር መልእክቱ እየበረታ ሄደ፤ ክኒኑ እየሰነፈ ነበር። በአምስተኛው ወር ድንገት ጸጥ አለ። ስድስተኛውና ሰባተኛውም እንደዚያው። ፊቤ በደስታ አለቀሰች፣ ደውላም ለሀቢሶ ነገረችው። ሐኪሙ የውጤቱን ወረቀት አይቶ መድኃኒት የመቀየሩን ሐሳብ ተወው።

ሒሳቡ ግን እምቢ አለ። እሷ የምታውቀው ምንም መንገድ በአንድ ወር እንዲህ አይዘጋም። ኮምፒውተሩ ከአምስተኛው ወር ወዲህ ያለው የሌላ ሰው ደም ቢባል ይሻላል የሚል ውጤት ሲያወጣላት፣ የማይረባ ነው ብላ ዘጋችው። በምትኩ ሒሳቡ ላይ ሴሉ መልእክቱን ራሱ የሚያጠፋበት አዲስ ማጥፊያ ፈጠረች፤ ቁጥሮቹም ልክክ አሉላት። ፕሮፌሰሯ አደነቋት። የሚወዱትን ሰው በሒሳብ ማዳን ሲገኝ ማን ይጠላል።

በስምንተኛው ወር፣ በደም ቀጠሮው ማግሥት፣ ሀቢሶ ሱቁ ውስጥ ወደቀ። ፊቤ ስትደርስ ከመደርደሪያው ጀርባ ፍራሽ ላይ ተኝቷል፤ ድዱ ይደማል። አብሮት የሚሠራው ሲላስ ውኃ ሊያቀብለው እጅጌውን ሲሰበስብ ክንዱ መታጠፊያ ላይ የሆስፒታል ፕላስተር አየች። የሀቢሶን ክንድ ገልጣ ፈተሸች። ምንም የለም።

ሲላስ መሬት መሬቱን እያየ ነገራት። የሀቢሶ ፔፐር፣ የስደተኛ ፈቃዱ፣ ኤክስፓየር ካደረገ አራት ወሩ ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ የቆሙ፣ ስደተኛ የሚቃወሙ ሰዎች የውጭ ሰው እየለዩ ወረቀት ይጠይቃሉ፣ የሌለውን ይመልሳሉ። የሲላስ ገና ጊዜ አለው። በራሱ ፔፐር በሩን ያልፍና በሀቢሶ ካርድ ደም ይሰጣል፤ ደም ካልሰጡ ክኒን የለማ። የምትቀዳውም ነርስ የምታየው ካርዱን እንጂ ፊቱን አይደለም።

«ጋሼ፣ ውጤቱ ጥሩ ነው ስልህ ታውቅ ነበር?»

«የሲላስ መሆኑን አውቅ ነበር» አላት ሀቢሶ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ብትናገሪ እሱ ይታሰራል፣ ክኒኑም ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ደግሞ እንዲያ ደስ ብሎሽ ስታወሪ አፌ እምቢ አለኝ።»

አምቡላንስ ጠርታ አስገባችው። ሐኪሙ በዚህ ጊዜ የራሱን የሀቢሶን ደም አየ። መድኃኒቱ በአምስተኛው ወር ተቀይሮ ቢሆን ተስፋ ነበረው፣ አሁን ግን የቀረው ቀናት ነው አላት።

ፊቤ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ኮምፒውተሯን ከፈተች። የፈጠረችውን ማጥፊያ አወጣች፣ የሲላስን ሦስት ወር ሰረዘች። ግራፉ ላይ የሀቢሶ አራት ነጥቦች ብቻ ቀሩ። ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄዱ ለማወቅ ሒሳብ አያስፈልግም፤ አራቱም ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይወጣሉ።