የአባ ቢተው ግራ እግር

ባንችይርጋ የገና ሰሞን ሲደርስ ሌላ ሰው ነው የምትሆን። ለገና ላሊበላ የሚወጣውን ተሳላሚ እግሩን ሳታጥብ፣ ንፍሮ ሳታቀምስ አታሳልፍም። ስለት አለባት፤ በልጅነቷ ትኩሳት ሊወስዳት ሲል እናቷ የተሳለችውን ነው እስከ ዛሬ የምታደርስ። ሌላው የሰፈር ሰው የደከመ እንግዳ ደጁ ሲደርስ ያጥባል። እሷ ግን መንገድ ድረስ ወርዳ ተሳላሚ እንደ አውሬ ታድናለች! ያንዱን ጋቢ ይዛ፣ ያንዱን ዘንግ ነጥቃ ሽቅብ ትጎትታለች። ጎረቤቷ ሰብሌም ያው ናት። አምና አንድ ከኮን ከተማ የመጣ ተሳላሚ በሁለቱ መሀል ተወጥሮ፣ ጫማውን ጥሎላቸው ሸሸ እየተባለ ይወራል።

ድፍረቷንም አገር ያውቀዋል። ጅብ የበግ ጋጣ ሲገባ በማማሰያ አፍንጫውን ብላ መልሳዋለች። «እስካሁን ሽሮ ሲሸተው ይሸሻል» ትላለች ራሷ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከታናሽ ወንድሟ ከፈንታው ቤት ነው የምትኖር። ፈንታውን ሰው ሁሉ ይፈራዋል፤ እሷ ግን ንፍጡን እየጠረገች ያሳደገችውን ልጅ እንዴት ብላ ትፍራው!

የፈንታው ልጅ ንጋት ሌላ ናት። አክስቷን እያየች «ምነው ግማሿን እንኳ በሆንኩ» ትላለች እንጂ፣ አባቷ ፊት ድምጿ አይወጣም። ልቧን የሙጃው ሚኒባስ ሾፌር ይታገሱ ከወሰደው ቆይቷል። ይታገሱ ሁለቴ ሽማግሌ ልኮ፣ ፈንታው ሁለቴም ከደጅ መልሷል። ምክንያቱስ? «ሙጃ ገበያ የገዛሁት በሬ ትልም መሀል ይተኛል፤ የሙጃ ልጅም ያው ነው» ይላል። እንደው ይኸ ምክንያት ነው? አሁን ለመጨረሻ ጊዜ ሊላክ ነው። ይኸም ከተመለሰ የይታገሱ እናት ሌላ ልጅ ታጭለታለች።

ንጋት ሽማግሌዎቹ የሚመጡበትን ቀን ታውቃለች። ለአክስቷ ግን ትንፍሽ አላለችም። ለባንችይርጋ ጠዋት የነገሩት ወሬ ለምሳ ፍላቂት ከተማ ይደርሳላ!

ቀኑ ሲደርስ ባንችይርጋ «የእግር ውሃ አለቀ» ብላ ንጋትን ወደ ቦኖ ሰደደቻት። ቦኖው ደግሞ ሰልፍ በሰልፍ። ጀሪካኗን አዝላ ስትመለስ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ከቤት ውስጥ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ነጭ ጋቢ፣ ዘንግ፣ እስከ ጉልበት አቧራ። ሚኒባሷ መንገድ ላይ ተበላሽታባቸው በእግር ነው የመጡት። አክስቷ ከፊታቸው ተንበርክካ፣ እጅጌዋን ሰብስባ እግር ታሻለች።

ንጋት ደርቃ ቀረች። አባ ቢተው! አቶ ደሳለ! ያ ጥግ ያለው የይታገሱ አጎት! በፊት ከመጡት ሌሎች ናቸውና አክስቷ አታውቃቸውም፤ እሷ ግን ሙጃ ገበያ ታያቸዋለች። ለልጅ የመጣ ሽማግሌ ደጅ ነው የሚቆም። ግቡ ቢሉት አይገባ፣ ተቀመጡ ቢሉት አይቀመጥ፣ ቅመሱ ቢሉት አይቀምስ። «መጀመሪያ እሺ በሉን» ነው የሚል። ጉልበቱ እሱ ነው። ተቀምጦ የበላ ሽማግሌ በምን አፉ ይለምናል?

«አክስቴ! እነዚህ እኮ ተሳላሚ አይደሉም!»

«ዝም በይ» አለች ባንችይርጋ ቀና ሳትል። «‹አንገባም፣ አንቀመጥም፣ ጉዳይ አለን› እያሉ እንዴት እንዳደከሙኝ ብታይ! እንዲህ ያለ ትሁት ተሳላሚ ከተፈጠርኩ አላየሁም። ገፍቼ ነው ያስቀመጥኳቸው።»

«ነግረናት ነበር፣ ልጄ» አሉ አቶ ደሳለ አፋቸው ሞልቶ። «ማን ይስማን? ዘንጌን ነጠቀችኝ።»

«ንፍሮውንስ?» አለች ንጋት።

«አጎረሰችኝ። ደግሞ ሲጣፍጥ!»

ንጋት ወደ አክስቷ ጆሮ ጎንበስ ብላ «የይታገሱ ሽማግሌዎች ናቸው» አለቻት። ባንችይርጋ የአባ ቢተውን ቀኝ እግር እንደያዘች ፈዘዘች።

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ወሬው እንዳይወጣ ብዬ ነዋ።»

«ከኔ? እኔ ደግሞ መቼ ነው ወሬ የማውቅ?»

ይኸኔ ፈንታው ጭድ በጭድ ሆኖ ከአውድማ ገባ። ሽማግሌዎቹን አየ፣ ሳፋውን አየ፣ የአቶ ደሳለን ጉንጭ አየ። ከዚያ ሳቀ። ፈንታው ሲስቅ ታይቶ አያውቅም።

«እንኳን ደህና መጣችሁ! ብሉ፣ ጠጡ፣ የእግዜር እንግዶች ናችሁ። ጉዳይ ግን የላችሁም። ተቀምጦ የበላ ሽማግሌ እኔ አላውቅም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የንጋት ዓይን እንባ ሞላ።

«ቆይ!» አለች ባንችይርጋ ብድግ ብላ። «አባ፣ እርስዎ ቀምሰዋል?»

«ኧረ እኔስ ሳልቀድስ አልቀምስም።»

«ግራ እግርዎስ ታጥቧል?»

ሁሉም የአባን እግር አዩ። ቀኙ ያበራል። ግራው ያን ሁሉ አፈር እንደተሸከመ ነው።

«አየህ ፈንታው! በቀኝ እግራቸው እንግዳ ናቸው። በግራው ግን ገና አልገቡም፣ ሽማግሌ ናቸው።»

«ተቀምጠው የለም እንዴ?»

«እኔ የገፋሁት ሰው ተቀመጠ አይባልም፣ ወደቀ ነው የሚባል። አባ፣ ይውጡ!»

አባ ቢተው ወጡ። የታጠበው እግር አፈር ከነካ በረከቱ ይሄዳል ብለው ቀኙን አንጠልጥለው፣ እንደ ሽመላ በግራው ብቻ ቆሙ። «ፈንታው ሆይ፣ ልጅህን ለልጃችን ስጠን» አሉ። አቶ ደሳለና አጎትየውም አፋቸውን ጠራርገው ከኋላቸው ተሰለፉ።

ባንችይርጋ ሳፋዋን አቅፋ ከጎናቸው ቆመች። «እሺ እስክትል የማንንም እግር አላጥብም!»

«እትየ፣ አንቺ እኮ የኛ ወገን ነሽ! ስለትሽስ?» አለ ፈንታው።

«ያስቀረኸው አንተ ነህ። ቅዱስ ላሊበላ አንተን ይጠይቅህ!»

በግቢው በር የተሳላሚ መንጋ እየገባ ነው። «ባንችይርጋ ካላጠበች ወደኔ በሏቸው!» አለች ሰብሌ ከአጥሩ ማዶ።

ባንችይርጋ ስለቷን ለሰው ስትል ታስቀር? ንጋት ጀሪካኗን አወረደች። ሄዳ ከአክስቷ አጠገብ ቆመች።

«አባባ፣ እኔም ደጅ ቆሜያለሁ። ይታገሱን እወደዋለሁ። በሬውን የሸጠውም እሱ አይደለም!»

ድምጿ ወጣ፤ እንዲያውም ሰፈር ሰማው።

«ሙሽራ ለራሷ ሽማግሌ ሆና ትቆማለች? ይኸ የት አገር ታየ?» አለ ፈንታው።

«እኛ ቤት» አለች ባንችይርጋ።

አባ ቢተው ግን መወዛወዝ ጀመሩ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ፈንታው። ፈንታው ሊይዛቸው ተወረወረና ያገኘው የተንጠለጠለውን እግር ሆነ። በዚያ ሁሉ ተሳላሚ ፊት ተንበርክኮ የቄስ እግር በሁለት እጁ ይዞ ቀረ።

«ልጄ» አሉ አባ በፈንታው ራስ ተደግፈው፣ «ልትመልሰኝ ነው ወይስ ልታጥበኝ?»

ፈንታው ሽቅብ ልጁን አያት። ዓይኗን አልሰበረችም።

«ይቺ አክስትሽ አበላሸችሽ» አለ። ተቆጥቶ ይሁን ኮርቶ እንጃለት። «እሺ፣ ሰጥቻለሁ! አሁን ይቀመጡልኝ አባ፣ ሳይሰበሩብኝ።»

ባንችይርጋ እልል አለች። ሰብሌም ምን እንደሆነ ሳታውቅ ከማዶ ተቀበለቻት። ፈንታው አባን ደግፎ አስቀመጠና፣ ሳፋውን ከእህቱ ወስዶ ግራ እግራቸውን ራሱ ነከረ።

«ንጋት፣ ውሃ!»

ንጋት ጀሪካኑን አጋደለች። ዓይኗ ግን የሙጃን መንገድ ያያል።

«እግራቸው ላይ» አለ ፈንታው፣ ውሃው በጢሙ እየወረደ። «እግራቸው ላይ አልኩሽ እንጂ እኔን እጠቢኝ አልኩሽ?»