ሙና የተመለሰችበት ሰልፍ

"ማናት ይቺ?" አለች ሳሚያ፣ የእህቷን የዘይቱናን ጉልበት ነካ አድርጋ።

ነጠላ የደረበች ወጣት ጫማዋን አውልቃ በሩ ላይ ቆማለች።

"እግዜር ያጥናችሁ። ሊድያ እባላለሁ፣ ነርስ ነኝ። እነሙና ትምህርት ቤት የልብ ምርመራ ጥናት ስናደርግ ነበር። ሆስፒታል ሰምቼ ከደሴ ነው የመጣሁት።"

ዘይቱና ደነገጠች። ስለዚያ ጥናት በዚህ ቤት ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ልጇ ሙና ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሰኞ ትንፋሽ አጠራት፤ በማግሥቱ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ይዘዋት ሲሮጡ፣ የሐረጎን ዳገት ሳይጨርሱ እናቷ ጭን ላይ ጸጥ አለች። ደሴ ሲደርሱ ሐኪሙ "ልቧ ከታመመ ቆይቷል" አለ። ቆይቷል? ገመድ ስትዘል የምትውል ልጅ? ዳገት ላይ ብቻ "እማ፣ ትንሽ ልረፍ" ትል ነበር። ዘይቱና ስንፍና መስሏት ትቆጣት ነበር።

ከአምስት ወር በፊት ሙና ወረቀት ይዛ እየሮጠች መጥታ ነበር። "ፈርሚልኝ! ልባችንን በቴሌቪዥን ሊያሳዩን ነው።" ዘይቱና አነበበችው። "ጥናት" የሚለው ቃል አላማራትም። "ጤነኛ ልጄን መሞከሪያ አላደርግም" አለች፤ ለባሏ ለጀሚልም ሳትነግረው ቀረች።

ሳሚያ ሻይ ልታመጣ ስትነሳ ዘይቱና ወደ ነርሷ ጠጋ አለች።

"ብፈርም ኖሮ ታገኙት ነበር?"

"ምናልባት። ብናገኘውም በየወሩ መርፌ፣ ክትትል አለው። ትድን ነበር ብዬ አልምልልሽም፤ አትድንም ነበርም አልልሽም።" ሊድያ አቀረቀረች። "የምርመራው ዕለት ተሰልፋ ነበር። ወረቀቷን ስጠይቃት 'እማ ትፈርማለች፣ ነገ አመጣለሁ' አለችኝ። ያለ ወላጅ ፈቃድ ልጅ አንነካም፤ ወደ ክፍልሽ ግቢ አልኳት። ስልክሽን ፈልጌ ልደውልልሽ እችል ነበር። አልደወልኩም።"

ዘይቱና ትቆጣት ወይስ ታመስግናት ግራ ገባት። ይቺ ሴት ሙናን የመለሰቻት የእናቷን ቃል አክብራ ነው።

"በማግሥቱ ግን ፈርሚልኝ አላለችኝም። ለምን አላለችኝም?"



"የምን ወረቀት ነው?" አለ ጀሚል። መቼ እንደገባ አላዩትም።

ዘይቱና ሁሉንም ነገረችው። እየሰማት ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

"አብሽሪ" አለ በመጨረሻ። "እኔም ብሆን አልፈርምም ነበር።"

እውነቱን ይሁን ለእሷ ብሎ፣ ከፊቱ ልታነብ አልቻለችም።

ሊድያ ለመሄድ ተነሳች። "ታናሿን ግን አሳዩዋት። ምናልባት ምንም የለባት ይሆናል፤ ግን ትታይ። ይሄ ጥናት አይደለም፣ ሕክምና ነው።"

ጀሚል ዘይቱናን አያት። ዘይቱና ደግሞ ጓዳው በር ላይ የቆመችውን ትንሿን ልጇን ዊዳድን ጠራቻት።

"ልብሽን ሐኪም ይይልሽ?"

"ያማል?"

"አያምም" አለች ሊድያ።

ዊዳድ ጥቂት አሰበችና "እሺ" አለች።

ዘይቱና ሻሿን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ ልጇን ወደ ራሷ ሳበቻት። ጆሮዋን ትንሿ ደረት ላይ ለጥፋ፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አላነሳችውም።