ሰባ ከሰባ ያገኙ ሳንቲሞች

ባፈርኩ ቁጥር ከምላሴ ስር አንድ የወርቅ ሳንቲም ይወጣል። መታሰቢያ ነው እንጂ መገበያያ አይደለም። በአንዱ በኩል ያፈርኩበት ነገር ተቀርጾበታል፣ በሌላው በኩል ቀኑ አለ። ቀኑ ተሳስቶ አያውቅም።

የመጀመሪያው የወጣው አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። መምህሩ ተነሺና አንብቢ አሉኝ። ቆሜ ቀረሁ፣ ክፍሉ ሳቀ፣ ሳንቲሙ ወጣ። ሰሌዳና ጀርባዋን የሰጠች ልጅ አለበት። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ሁለተኛው እናቴ ከገጠር ስትመጣ መናኸሪያ ላይ አይቼ እንዳላየሁ ያለፍኳት ቀን ነው። ከጓደኞቼ ጋር ነበርኩ። ሳንቲሙ ላይ የእናቴ የነጠላዋ ጥለት እንኳ ይታያል። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ደረሰ። በወተት ዱቄት ጣሳ ነበር የማስቀምጣቸው።

ባለፈው ዓመት አንዱን ወርቅ ቤት ወሰድኩት። ለልጄ ጉትቻ ላሠራላት ብዬ ነው። ወርቅ ሠሪው እሳት ላይ አደረገው፣ ጠበቀ፣ መልሶ ሰጠኝ።

"ይሄማ አይቀልጥም" አለኝ። "ይሄን የሚፈልግ ሰው ግን አውቃለሁ።"

በማግሥቱ አቶ ልሳነወርቅ ቤቴ መጡ። ሳንቲም የሚሰበስቡ ጡረተኛ ናቸው። ነጭ የጨርቅ ጓንት አጠለቁ፣ ማጉያ መነጽር ዓይናቸው ላይ አደረጉና ሳንቲሞቹን ጠርዛቸውን ብቻ እየያዙ አዩ። እኔ ሐሴትን አዝዬ ቆሜአለሁ። ሐሴት ልጄ ናት፣ ያኔ ገና ጡት ትጠባ ነበር።

"ሳንቲም ነጥብ ይሰጠዋል" አሉኝ። "ትልቁ ሰባ ነው። ሰባ ማለት እንከን የለውም ማለት ነው።"

የሰሌዳውን አነሱ። "ሰባ።" የእናቴን አነሱ። "ሰባ። ግሩም ነው፣ ልጄ።"

ሦስተኛው ላይ ፊታቸው ጠቆረ። ሳንቲሙ ጭረት አለው።

"ይሄን ለማን ነገርሽው?"

"ለጎረቤቴ፣ ለእትዬ ሙሉነሽ።"

"ለምን?"

"ከብዶኝ።"

"ሲነገር ይጫራል። ይኸው ሃምሳ ስምንት። አንድ ሰው ሰማው፣ አሥራ ሁለት ነጥብ ሄደ።"

እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ከመቶው ከአሥራ ስምንት በላይ አግኝቼ አላውቅም። ሰባ ከሰባ ሲሉኝ ደስ አለኝ። በእናቴ ነገር ደስ መሰኘቴ ደግሞ አሳፈረኝና እዚያው ፊታቸው ሌላ ሳንቲም ወጣ። ጎንበስ ብለው በጓንታቸው ተቀበሉኝ።

"ሰባ" አሉ።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ይመጡ ጀመር። እያንዳንዱን ሳንቲም በጠራ ፕላስቲክ አሸጉት፣ ነጥቡን ጻፉበት፣ ሁሉንም በአንድ የእንጨት ሣጥን ደረደሩት። ሣጥኑ እሳቸው ዘንድ ይቀመጣል። ባለቤቴ አብነት የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ ነው፣ ይህን ሁሉ አያውቅም። እትዬ ሙሉነሽን ግን ነገሩ ገርሟታል።

"አንቺ ልጅ፣ ዘንድሮ አፍሽን ሰፉት እንዴ?" ትለኛለች።

ሳቅ እልና ዝም እላለሁ። ሰባዎቹ እንዳይበላሹብኝ ነው።

አንድ ማክሰኞ ሐሴት ከአልጋ ወደቀች። ዓመት ከአራት ወሯ ነበር። እኔ ደጅ ሆኜ ስልክ እያየሁ ነው። ጭንቅላቷ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ድምፁን ሰማሁት። ቪዲዮው ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ነበርና እሱን ጨርሼ ገባሁ። ሳንቲሙ ገና ሳላነሳት ወጣ። እስከዛሬ ከወጡት ሁሉ ይተልቃል። ለማንም አልተናገርኩም።

ቅዳሜ አቶ ልሳነወርቅ በማጉያ መነጽራቸው ደጋግመው አገላብጠው አዩት።

"በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አላየሁም" አሉ። "ይሄ የስብስቡ መሃል ላይ ነው የሚቀመጠው። አደራሽን።"

"ልጅቷ ግን ታስመልሳለች" አልኳቸው።

"አደራሽን" አሉ።

ሰኞ ጠዋት ሐሴት ስነካት ትነቃና መልሳ ትተኛለች። ጡትም አልይዝ አለች። ታቅፌያት ስወጣ አቶ ልሳነወርቅ ቀናቸው ሳይሆን ሣጥኑን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ጤና ጣቢያ ድረስ አብረውኝ መጡ።

"ምን ሆነች?" አለችኝ ነርሷ።

"እንቅልፍ ታበዛለች። ያስመልሳታል።"

"ወድቃ ነበር?"

"አልወደቀችም።"

እንዲህ ስል ሌላ ሳንቲም ወጣ። አፌን ዘጋሁ።

"አፍሽ ውስጥ ምንድነው?"

"ከረሜላ።"

"ልጅሽ እንዲህ ሆና አንቺ ከረሜላ ትመጥጫለሽ? ጉድ እኮ ነው!" አለችና የሐሴትን ሙቀት ለካች። "ትንሽ ትኩሳት አላት። የሆድ ነገር ነው። ሽሮፕ ጽፌልሻለሁ፣ ካልተሻላት ሐሙስ አምጪያት።"

ወረቀቱን ተቀበልኩ። አቶ ልሳነወርቅ በሩ አጠገብ ሆነው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁልኝ። የሐሴት ራስ ክንዴ ላይ እንደ ድንጋይ ከበደኝ።

ሳንቲሙን መዳፌ ላይ ተፋሁት።

"ሲስተር፣ ወድቃለች" አልኩ።

ከሣጥኑ ውስጥ ጥፍር በብረት ላይ ሲሄድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ መጣ።

"መቼ?"

"ማክሰኞ።" ድምፁ እንደገና መጣ። "ስትወድቅ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው የቆየሁት።"

"ስድስት ቀን ሙሉ?"

"ስድስት ቀን።"

"በቃሽ፣ ልጄ" አሉ አቶ ልሳነወርቅ ሣጥኑን በሁለት እጃቸው አቅፈው። "ነጥቡ ወደ አርባ ወርዷል።"

"አባባ፣ ውጭ ይጠብቁ" አለቻቸው ነርሷና አምቡላንስ ጠራች።

ከሆስፒታሉ ለአብነት ደወልኩለትና ሐሴት ወድቃለች አልኩት። የመኪናው ሞተር ይሰማኛል።

"አንቺ የት ነበርሽ?" አለኝ።

ነገርኩት። የቪዲዮውንም ነገርኩት። ሞተሩ ጠፋ። "እመጣለሁ" አለና ዘጋው። ስሜን አልጠራኝም።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ወጡ።

"ጭንቅላቷ ውስጥ የፈሰሰውን ደም አውጥተናል። ትተርፋለች። የግራ እጇን ነገር ወደፊት እናየዋለን" አሉኝ። ከዚያ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። "ጥሩ እናት ነሽ።"

ጥሩ እናት ሲሉኝ ከምላሴ ስር ሌላ መጣ። አመሰግናለሁ ልላቸው ፈልጌ አፌን መክፈት አቃተኝ።

ውሃ ፍለጋ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። በረጅሙ አግዳሚ ላይ አሥራ አራት እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተራ ይጠብቃሉ። አንዳቸውም አያወሩም። የሁሉም ጉንጭ በአንድ በኩል አበጥ ብሏል።

አንዲት ነርስ በር ከፍታ "የወደቀ ልጅ የያዘች አለች?" ብላ ጠየቀች።

አሥራ አራቱም የለም በሚል ራሳቸውን ወዘወዙ። ሆስፒታል ድረስ ተከትለውን የመጡት አቶ ልሳነወርቅ ከመጀመሪያዋ እናት ፊት ተንበርክከው ጓንታቸውን ያጠልቃሉ።